ዘመድ ኪራይ አይከፍልም

አሶሳ ከተማ ውስጥ አንዲት ባለ ግቢ ነበረች። ወላጆቿ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ተነሥተው በሰፈራ የመጡ ናቸው። እሷም በቁጥር ከሚጠሩት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ አደገች፤ ጠላ ጠምቃ፣ እንጀራ ሸጣ፣ ከተማ ገብታ ቦታ ያዘች። መጀመሪያ የሠራችው ቤት የሽመል ነበር፤ ቀጥሎ ጭቃ ተመረገ፤ በመጨረሻ በግቢው ዳር ቆርቆሮ የለበሱ ሰባት ክፍሎች በረድፍ ቆሙ። በየክፍሉ አንድ አልጋ፣ አንድ አጎበር፣ ከበሩ ኋላ ልብስ ማንጠልጠያ አንድ ምስማር። ሌላ ጌጥ የለም። ሲመሽበት አልጋ የሚፈልግ ሰው ጌጥ አይጠይቅም።

አሶሳ ላይ አልጋ ፈላጊ ወቅት አለው። የክልል ስብሰባ ሲጠራ፣ ዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሲያስመርቅ፣ ወደ ሸርቆሌና ወደ ባምባሲ የስደተኛ ጣቢያዎች የሚሄዱ የድርጅት ሠራተኞች ከአውሮፕላን ሲወርዱ፣ ሆቴሎቹ ይሞላሉ። የተረፈው ሰው በባጃጅ ግቢ ለግቢ ይዞራል። በ2015 ሚያዝያ የሱዳን ጦርነት ተነሥቶ በኩርሙክ በኩል ስደተኛው መግባት ሲጀምር ደግሞ የሠራተኛውም የሾፌሩም ቁጥር ጨመረ። ሴትዮዋ ለአዳር 200 ብር ትቀበላለች፤ ውኃ በባልዲ፣ ቡና በነፃ። ክረምት ሲገባ ግን ዝናቡ ሰውን ቤቱ ይሰበስበዋል፤ ከሰባቱ አልጋ አምስቱ ባዶ ያድራል።

የቀበሌው ሠራተኛ መዝገቡን ይዞ ብቅ ሲል፣ ሴትዮዋ መልሷ አንድ ነበር።

«እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው?»

«ዘመዶቼ ናቸው።»

«ሁሉም?»

«የወሎ ሰው ዘመዱ ብዙ ነው ልጄ። ግባ፣ ቡና ጠጣ።»

ሠራተኛው ቡናውን ይጠጣል፤ መዝገቡ ላይ «ተከራይ የለም፤ ነዋሪዎቹ ዘመዶች ናቸው» ብሎ ይጽፋል። አንድ ጊዜ ስለ ወርቅ አፈር የሚያጠና ፈረንጅ ሦስት ሌሊት አድሮባት ነበር። «እሱስ?» ቢሏት፣ ጀበናውን ሳታስቀምጥ «እሱ በጋብቻ ነው» አለች። ይህችን ሰፈሩ ለብዙ ጊዜ ሳቀባት።

አጥር ለአጥር የሚጎራበቷት የበርታ ሽማግሌ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሼኽ የሚላቸው፣ ሁለት ክፍል ለመምህራን ያከራዩ ነበር። ከበራቸው ኋላ በገመድ የተንጠለጠለ የተማሪ ደብተር አለ። ማን ገባ፣ ስንት ከፈለ፣ ጣሪያው ሲያፈስ ለቆርቆሮ ስንት ወጣ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ይሰፍራል። ሐምሌ ሲብት ደብተሩን ይፈቱና ወደ ገቢዎች ይሄዳሉ። ሴትዮዋ ትስቅባቸዋለች።

«ሼኽ፣ ሳይጠሩዎት ነው የሚሄዱት?»

«ተጠርቼ ከምሄድ ሳልጠራ ብሄድ አይሻልም?» ይሏታል።

(ፍጹም ሰው ናቸው አልልም። ከግቢያቸው ስለሚሸጡት ማንጎ ያ ደብተር አንድም ቃል አልተጻፈበትም።)

አንድ ዓመት አንድ ወርቅ ገዢ መጣ። መንጌና ኩርሙክ ላይ ወርቅ ከሚያጥቡት እየገዛ የሚያመላልስ፣ አንደበቱ የጣፈጠ ሰው ነው። ሁለት ሌሊት አድሮ 400 ብር ከፈለ። ሌላ ሳምንት ሲመለስ ጥግ ያለውን ክፍል በወር ያዘው። የቀበሌው ሠራተኛ መጥቶ ሲጠይቅ ሴትዮዋ እንደ ወትሮዋ «የወንድሜ ልጅ ነው» አለች። ሰውዬው ይህን ሰምቶ ሳቀ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም «አክስቴ» ይላት ጀመር። በበዓል ጉልበቷን ይስማል። የመጀመሪያውን ወር ኪራይ ከፈለ፤ የሁለተኛውን «ስመለስ» አለ፤ የሦስተኛውን «ወርቁ ሲሸጥ» አለ። አምስተኛው ወር ላይ ሴትዮዋ ሽማግሌ ጠራች።

ሽማግሌዎቹ ማንጎው ጥላ ሥር ተቀመጡ። ሼኹም ከመሀላቸው አሉ። ሴትዮዋ ተነሥታ አቤቱታዋን አሰማች፤ የአራት ወር ኪራይ፣ ይህን ያህል ብር፣ ሌላው ቢቀር ለመብራቱ እንኳ አልከፈለኝም አለች። ወርቅ ገዢው እጁን አጣጥፎ በትሕትና ቆመ።

«አባቶቼ፣ አክስቴ ተቆጥታ ነው። እኔ ተከራይ አይደለሁም። ካላመናችሁኝ የቀበሌውን መዝገብ እዩ፤ የወንድሜ ልጅ ነው ብላ ያስመዘገበችኝ እሷው ናት። አክስቴ ቤት ስቀመጥ ኪራይ እንዳለ ማን ነገረኝ?»

ማንጎው ሥር ዝምታ ሆነ። ትልቁ ሽማግሌ ወደ ሴትዮዋ ዞሩ።

«ለቀበሌው ምን ብለሽ ነበር?»

«ዘመዴ ነው ብዬ።»

«አሁን ለኛስ?»

«ተከራዬ ነው።»

«እንግዲህ ሁለት ምስክር አቅርበሻል፤ ሁለቱም አንቺው ነሽ። አንዷ ያኔ መዝገብ ላይ አስፍራለች፤ አንዷ ዛሬ ታለቅሳለች። የትኛዋን አምነን የትኛዋን እናባርር?»

ሴትዮዋ መልስ አጣች። ሽማግሌዎቹ ተማክረው ሲያበቁ ፍርዱን የተናገሩት ሼኹ ናቸው። «ዘመድ ኪራይ አይከፍልም። በሰው ፊት ዘመድ ሆነሃል፤ ኪራይ የለብህም። ነገር ግን የዘመድ ዕዳ ከኪራይ ይከብዳል። ሠርግም ሐዘንም ሲደርስባት ከሁሉ ቀድመህ የምትጠራው አንተ ነህ። ትቀበላለህ?»

«እንዴታ አባቴ!» አለ ወርቅ ገዢው፤ ሴትዮዋንም አቅፎ ሳማት። በነጋታው ክፍሉ ውስጥ ምስማሩ ብቻ ቀረ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ከወሎ መርዶ መጣ። የሴትዮዋ ታላቅ ወንድም፣ በሰፈራው ጊዜ አገሬን አለቅም ብሎ እዚያው የቀረው፣ አርፏል። ድንኳን ተተከለ፤ ሰፈሩ ተቀመጠላት፤ ዕድር ወጣ ገባ አለ። ወርቅ ገዢው ጋ ተደወለ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ከሠልስት በኋላ ድንኳኑ ተነሣ። የሟች ልጆችና የአጎቶቿ ቤተሰቦች ግን ከዚያ ሁሉ ርቀት በየመናኸሪያው እያደሩ ስለመጡ የደረሱት ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ነው። ሰባቱም ክፍል ሞላ፤ መሬት ላይም ፍራሽ ተነጠፈ። በሰኔ ዝናብ፣ ሌላ ጊዜ አልጋዋ ባዶ በሚያድርበት ወቅት፣ ግቢው በሰው ተጨናነቀ።

ገማቾቹ የመጡት በዚያ ሰሞን፣ ጠዋት፣ እንግዶቹ ፊታቸውን ሲታጠቡ ነው። የቀን ገቢ ሊገምቱ በየሰፈሩ የሚዞሩት ሦስት ሰዎች በር ላይ ቆመው ቆጠሩ።

«እናቴ፣ እነዚህ እነማን ናቸው?»

«ዘመዶቼ ናቸው» አለች ሴትዮዋ። ይህን ቃል ስትናገር እንባዋ ወረደ።

ሰብሳቢው ፈገግ አለ። ከሦስቱ ታናሹ «ጥቁር ለብሳለች እኮ» ብሎ ቢያንሾካሹክ፣ ሰብሳቢው የቀበሌውን መዝገብ ወደ ኋላ ገለጥ ገለጥ አድርጎ አሳየው። ዘመዶች፣ ዘመዶች፣ ዘመዶች። ከዚያ አዲስ ገጽ አውጥቶ ጻፈ፤ ሰባት አልጋ፣ ሰባቱም የተያዘ፣ በቀን 1,400 ብር።

ዝርዝሩ ቀበሌው ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ሴትዮዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደለበሰች ገቢዎች ሄደች። የተቀበላት ወጣት ሠራተኛ ወንበር ሰጣት፤ እናቴ እያለ በአክብሮት አናገራት። አንድ በአንድ አስረዳችው፤ ወንድሟን፣ መርዶውን፣ ከወሎ የመጡትን። ሰውዬው እስክትጨርስ አላቋረጣትም።

«ወረቀት አለዎት? ባለፈው ዓመት ስንት ሰው አደረ፣ ስንት ሌሊት ባዶ ነበር የሚል ነገር?»

«ከየት አመጣለሁ ልጄ? እኔ አላከራይም ብዬ ነው እኮ የኖርኩት።»

ወጣቱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናቴ፣ እኔ እዚህ ከተማ የተመደብኩ ሰሞን ቤት እስካገኝ የት እንዳደርኩ ያስታውሳሉ? ጥግ ያለው ክፍል፤ አራት ሌሊት፤ 800 ብር። በዚያን ጊዜ እኔም ዘመድዎ ነበርኩ።»

ያን ዕለት ማታ ሼኹ አዲስ ደብተር ገዝተው በአጥሩ በኩል አቀበሏት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሰባቱ ክፍል ለቀስተኞች ስም፣ ለየክፍሉ አንድ መስመር፣ ወረደ፤ ከየስሙ ፊት «ዘመድ፤ ክፍያ የለም» ተብሎ ተጻፈ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር በዝናብ መጥቶ በሩን አንኳኳ። ስሙ ስምንተኛው መስመር ላይ ነው፤ ሁለት ሌሊት፣ 400 ብር።

ምሳሌው እዚህ ያበቃል። ሴትዮዋ እንዲህ ናት ብዬ የማሳያት ሰው የለኝም፤ ግቢዋን ግን አሶሳም፣ ደሴም፣ ባሕር ዳርም፣ አዲስ አበባም የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል። ከግብር የተደበቀ ገቢ ከፍርድም፣ ከብድርም፣ ከገማቹም ፊት የለም። ድርጅቱ የውሎ አበሉን እንዲያወራርድለት ደረሰኝ የሚፈልግ እንግዳ፣ ማለትም በወቅቱ የሚከፍለው ዓይነት፣ «ዘመድ ነህ» በሚባልበት ግቢ አያድርም። ወርቅ ገዢው ግን ያድራል።

ከሷ የሚሰበሰበው ግብር ወዴት ይሄዳል ለሚል ሰው፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 97 በክልሉ ውስጥ ካሉ የግል ቤቶች በሚገኝ ገቢ ላይ ግብር የመጣልና የመሰብሰብ ሥልጣን የሰጠው ለክልሉ ነው። የአሶሳ አልጋ ግብር ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነው ማለት ነው። ይህ ለዚህ አካባቢ ቀላል ነገር አይደለም። በ1890 ራስ መኮንን ወደ አካባቢው ከዘመቱ ወዲህ የአሶሳው ገዢ ሼኽ ኾጀሌ አልሐሰን ለአዲስ አበባ የሚገብሩት ወርቅ ነበር፤ ወርቁ ይሄዳል፣ በምትኩ ምን መንገድ ተሠራ ብሎ የሚጠይቅበት ወንበር አልነበረም። የዛሬዋ ባለ ግቢ ቢያንስ የምትጠይቀው ቢሮ በእግር ይደረሳል።

ሆኖም ሴትዮዋን እንዲሁ ውሸታም ብዬ አላልፋትም። የዚህ አገር የከተማ ሰው ቤቱን መደበቅ የተማረው ያለ ምክንያት አይደለም። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ አከራይ ነኝ ማለት ቤቴን ውሰዱ ማለት ነበር። በ2009 ሐምሌ ደግሞ የቀን ገቢ ግምቱ ሲነገር፣ በኦሮሚያ ከተሞችም በመርካቶም ነጋዴዎች ሱቃቸውን የዘጉት ግብር ጠልተው ብቻ አልነበረም። ሱቃቸውን አንድ ጊዜ በር ላይ ቆሞ ያየ ሰው የዓመት ኑሯቸውን ሲጽፈው አይተው ነው።

የግምቱን ክብደት ለማየት ትንሽ እንቁጠር። ወቅቱ ሲሞላ ሲጎድል፣ ሴትዮዋ በእርግጥ የምታገኘው በዓመት 120,000 ብር ነው እንበል። የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ፣ ቁጥር 979፣ የሒሳብ መዝገብ ለማይዝ ቤት አከራይ ከጠቅላላ ኪራዩ ግማሹን ለጥገናና ለእርጅና ይተውለታል። ከቀሪው 60,000 ብር በዚያው አዋጅ ሠንጠረዥ ሲሰላ 8,370 ብር ይወጣል። በገማቾቹ 1,400 ብር ግን፣ ሰባቱ አልጋ ዓመቱን ሙሉ አንድ ሌሊት ሳያርፍ እንደተያዘ ተቆጥሮ፣ ገቢዋ 511,000 ይሆናል፤ ግማሹ ተቀንሶ እንኳ ግብሩ 71,425 ብር ነው። (የ2017ቱ ማሻሻያ መጥቷል፤ የደመወዝተኛው ከግብር ነፃ ወሰን በወር ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፤ ክልሎችም የራሳቸውን አዋጅ ያወጣሉ። ስለዚህ ይህ ስሌት ልዩነቱን ለማየት እንጂ ለመክፈያ አይሁን።) በሁለቱ ቁጥሮች መሀል ያለው ከ60,000 ብር በላይ የአንድ ደብተር ዋጋ ነው።

ሌላም የሚያወላግድ ነገር አለ። ቤቱን በወር የሚያከራይ ሰው በሠንጠረዥ «ለ» ይገባል፤ አልጋ በአዳር የሚሸጥ ፔንሲዮን ነጋዴ ነውና በሠንጠረዥ «ሐ» ይታያል፤ ፈቃድ፣ ሒሳብ፣ ሌላ ጣጣ ይከተለዋል። ጥግ ያለውን ክፍል በወር፣ ሌላውን በአዳር የምትሰጥ ሴትስ? የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ ሲል ያሰበው የሚኖርበትን ተከራይ ነው፤ በዝናብ በር ያንኳኳውን ሾፌር አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ኮንዶሚኒየሙን በኤርቢኤንቢ ለዲያስፖራ በቀን የሚሰጠውም ሰው ያው መንታ መንገድ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚኖርበትን ቤት በዓመት ከ15 ቀን በታች ያከራየ ሰው ያን ኪራይ በገቢ ግብሩ ውስጥ አያስገባም፤ እንግሊዝም በቤቱ ውስጥ ክፍል የሚያከራይን ሰው በዓመት እስከ 7,500 ፓውንድ ድረስ አትጠይቀውም። እኛም ለምርቃት ሳምንት አንድ ክፍል የምታከራይን እናት በስሟ የሚያውቅ ከግብር ነፃ ወሰን ቢኖረን፣ ግማሹ «ዘመድ» በገዛ ፈቃዱ እንግዳ ይሆን ነበር።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የአቤቱታው ጊዜ ነው። የፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ውሳኔው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታ ይቅረብ ይላል፤ ግብሩ ትክክል አለመሆኑን የማስረዳት ሸክሙም በግብር ከፋዩ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ይግባኝ ኮሚሽን ለመሄድ ከተከራከሩበት ግብር ግማሹን ማስያዝ ያስፈልጋል። ሐዘን ላይ ላለች ሴት 21 ቀን ከወንድሟ አርባ በፊት ያልቃል። ገማች መላክ የግድ ከሆነ፣ አንድ ጠዋት ብቻ አይላክ፤ አንዴ በጥር፣ አንዴ በሰኔ፣ አንዴም ስብሰባ ባለበት ሳምንት ይሂድ፤ የሦስቱን ቀን ቆጠራም ባለ ግቢዋ አይታ ትፈርምበት።